ብቻ ለብቻ ዲምሰም፦ አንድ በራድ ሻይ፣ ሁለት ቅርጫት

በራዴ ባዶ ከሆነ ሃያ ደቂቃ አልፎታል። እጄን አነሳሁ፤ አስተናጋጇ በአጠገቤ አለፈች። በእንግሊዝኛ ተጣራሁ፤ አሁንም አለፈች። ፊት ለፊቴ ጋዜጣ የሚያነቡ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ዓይናቸውን ከጋዜጣው ሳያነሱ እጃቸውን ዘረጉና የበራዴን ክዳን ከፍተው ጠርዙ ላይ አጋደሙት። ግማሽ ደቂቃ አልሞላም፤ ሌላዋ አስተናጋጅ የፈላ ውሃ ይዛ መጥታ ሞላችልኝ። ሽማግሌው ገጽ ገለበጡ። አንድም ቃል አልተለዋወጥንም።

ይህ የሆነው በደቡብ ቻይናዋ ጓንግዡ ነው። ለዕቃ የሚመላለሱ ነጋዴዎቻችን ከተማዋን ከእኔ በላይ ያውቋታል። ዲምሰም ቤት፣ ማለትም ሻይ ከትንንሽ ምግቦች ጋር የሚቀርብበት ቤት፣ ገብተው የሚያውቁት ግን ጥቂት ናቸው። ስጠይቃቸው የሚነግሩኝ ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው አሳማ ነው፤ እሱን በሰፊው እመጣበታለሁ። ሁለተኛው «ብቻዬን እዚያ ገብቼ ምን ልሠራ?» የሚል ነው። እውነትም በመስኮት ሲያዩት የቤተዘመድ ጉባኤ ይመስላል። ትልቅ ክብ ጠረጴዛ፣ አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ መሃል ላይ የሚሽከረከር መስታወት። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እየተባለ ላደገ ሰው እዚያ መሃል ለብቻ መቀመጥ ይከብዳል።

ጠዋት በጊዜ ከገባችሁ ግን የምታዩት ሌላ ነው። ጡረተኞች በየጥጉ፣ ለየራሳቸው፣ አንድ በራድና ሁለት ቅርጫት ይዘው ተቀምጠዋል። ካንቶኖች፣ የዚህ አካባቢ ሰዎች፣ ለዚህ አበላል ስም አላቸው፤ «ያት ጁንግ ሌውንግ ጊን» ይሉታል። አንድ ኩባያ፣ ሁለት ዓይነት ማለት ነው። የድሮው የሻይ ቤት ቁርስ ይኸው ነበር። ስለዚህ ብቻችሁን ስትገቡ ወግ አፍራሽ አይደላችሁም። እንዲያውም ባለወጉ እናንተ ናችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። እዚያ «ዲምሰም እንብላ» የሚል ሰው ብዙም አይገጥማችሁም። የሚሉት «ያም ቻ» ነው፤ ሻይ መጠጣት። እኛ «ኑ ቡና ጠጡ» ብለን ጠርተን ቆሎውን፣ ፈንዲሻውን፣ አምባሻውን እንደምናቀርበው ማለት ነው። ዲምሰም የሻዩ ቁርስ ነው። በእንፋሎት የበሰሉ፣ የተጠበሱ፣ የተጠቀለሉ ትንንሽ ነገሮች፣ ሦስት ሦስት ወይም አራት አራት ሆነው በቀርከሃ ቅርጫት ይመጣሉ። ቅርጫቷ እንደ ሙዳይ ክዳን አላት። ይህች «ሻይ መጀመሪያ» የምትባል ነገር ከገባችሁ ሌላው ሁሉ ይቀላል።

1. ሰዓቱን ምረጡ

ቻይና ከኢትዮጵያ 5 ሰዓት ትቀድማለች። እዚያ ጠዋት 1 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ሌሊት 8 ሰዓት ነው። ስለዚህ በደረሳችሁ ማግስት አትሞክሩት፤ ሆዳችሁ ገና ተኝቷል። ሦስተኛው ቀን ላይ ይሁን።

ምርጡ ጊዜ በሥራ ቀን፣ ጠዋት ከ2 ሰዓት ተኩል በፊት ነው። ሰዓቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። በዚያ ሰዓት ለብቻቸው የሚቀመጡት ሽማግሌዎች አሉ፣ ቦታም አለ፣ አስተናጋጆቹም ገና አልተማረሩም። እሁድ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀትር ድረስ ግን ራቁ። ያኔ ሰፈሩ በሙሉ ልጆቹንና ወላጆቹን ይዞ ይመጣል። በር ላይ ቁጥር ይዛችሁ ትጠብቃላችሁ፤ ስትገቡም የአራት ሰው ጠረጴዛ ለብቻችሁ እንደያዛችሁ የሚያስታውሳችሁ ዓይን አይጠፋም። ማርፈድ ግድ ከሆነ ከሰዓት በኋላ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ሂዱ። ብዙ ቤቶች በዚያ ሰዓት ቅናሽ ያደርጋሉ።

የካንቶን ትርዒት የሚባለው የከተማዋ ትልቅ የንግድ ትርዒት በሚካሄድባቸው ሳምንታት የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ በጊዜ መነሳት ግዴታ ነው። ትርዒቱ ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጸደይና በመጸው ይካሄዳል። በእነዚያ ሳምንታት ከተማው በእንግዳ ይጨናነቃል።

2. ቤቱን ምረጡ

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ትልቅና አሮጌ ቤት ግቡ እላለሁ። ትንሽ ቤት ይቀላል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል፤ እኔም አስቤ ነበር። ትንሹ ቤት ውስጥ ግን ሁሉም ደንበኛ ይተዋወቃል፤ እንደገባችሁ ማንኪያው ሁሉ አየር ላይ ይቆማል። ባለ ብዙ ፎቁ ቤት ውስጥ ማንም ልብ አይላችሁም። የምግብ ዝርዝሩም ፎቶ የመያዝ ዕድሉ ሰፊ ነው።

በምዕራቡ የከተማው ክፍል ሊዋን የሚባለው የጥንቱ ሰፈር ነው። የምድር ባቡሩን መስመር 1 ይዛችሁ ቻንግሾው ሉ ፌርማታ ውረዱ። ሻንግሺያጂው የሚባለው የእግረኛ መንገድ እዚያው ቅርብ ነው። በ1880 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ታኦ ታኦ ጁ እና በ1935 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ጓንግዡ ጁጂያ በዚሁ አካባቢ ናቸው። ሁለቱም በየገበያ ማዕከሉ ቅርንጫፍ አላቸው። ግን ወደ ነባሮቹ ሂዱ፤ ደረጃው፣ ባለቀለም መስታወቱና ጫጫታው የቁርሱ ግማሽ ነው።

ሌላ ቤት ካገኛችሁ አንድ መፈተኛ አለኝ። በበሩ አጮልቃችሁ ሽበት ቁጠሩ። ሽበት ከበዛ ግቡ።

3. በሩ ላይ

አንድ ጣት አንሱና «ያት ዋይ» በሉ። አንድ ሰው ማለት ነው። ማንዳሪን፣ የመላ ቻይናን የጋራ ቋንቋ፣ የምትሞክሩ ከሆነ «ኢ ዌይ»። ፈገግታ አትጠብቁ፤ ኩርፊያም አይደለም። ሥራ ላይ ናቸው።

ከዚያ የሚመጣው ነገር ነው ብዙ ሰው የሚያስደነግጠው። አስተናጋጇ እየመራች ወስዳ ሰው ያለበት ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጣችኋለች። «ዳፕ ቶይ» ይባላል፤ ጠረጴዛ መጋራት። ተሳስታ አይደለም፤ የቤቱ ደንብ ነው። እኛስ ምሳ ሰዓት ላይ ሽሮ ቤት ስንገባ «ይቻላል?» ብለን ከማናውቀው ሰው ጎን ቁጭ እንል የለ? ልዩነቱ እዚያ ሰላምታ ግዴታ አይደለም፣ «እንብላ» ማለትም የለም። ጎንበስ ብላችሁ ተቀመጡ፤ በቂ ነው። በራዳችሁን፣ ቅርጫታችሁንና የትዕዛዝ ወረቀታችሁን ወደ ራሳችሁ ጠጋ አድርጉ። በጋራ ጠረጴዛ ላይ ድንበር የሚሠራው እሱ ነው።

እኔ እንዲያውም ባዶ ጠረጴዛ ሲሰጡኝ ቅር ይለኛል። ከሰው ጋር ከተቀመጣችሁ የሚያስተምራችሁ አይጠፋም።

4. ሻዩን እዘዙ፣ ሲኒውን አለቅልቁ

ገና ሳትደላደሉ የምትጠየቁት «ምን ሻይ?» የሚል ነው። ዝም ካላችሁ የመጣላቸውን ያመጡላችኋል። ሦስት ስም ያዙ። «ፖ ሌይ» ጥቁርና ከባድ ነው፤ ቅባት ይቆርጣል፤ ሽማግሌዎቹ የሚጠጡት እሱን ነው። «ቲት ጉን ያም» ቀለል ያለ፣ አበባ አበባ የሚል ነው። «ጉክ ፋ» የአበባ ሻይ ነው፤ ካፌይን የለውም። ቡና ለለመደ ሰው ፖ ሌይ ይስማማዋል።

ስኳር አትጠይቁ። አይሰጧችሁም ማለቴ አይደለም፤ ግን ቀረፋና ቅርንፉድ ከነስኳሩ የለመደች ምላሳችሁን ለአንድ ጠዋት ታገሱ በሏት። ሦስተኛው ሲኒ ላይ ይገባችኋል።

ሻዩ በሰው ልክ ይታሰባል። «ቻ ዋይ» ይባላል፤ የመቀመጫ ሂሳብ በሉት። ብቻችሁን ስለሆናችሁ የአንድ ሰው ትከፍላላችሁ። ውሃው የፈለጋችሁትን ያህል ይሞላል።

ከሻዩ ጋር አንድ ባዶ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ይመጣል። የሚበላበት አይደለም፤ የእጣቢ ነው። የመጀመሪያውን ሻይ በትንሿ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ቅዱ። ሲኒውን እዚያ ውስጥ አሽከርክሩት፤ የቾፕስቲኩን ጫፍና ማንኪያውን ንከሩ፤ ከዚያ ውሃውን ትልቁ ሳህን ውስጥ ድፉት። ሲኒ ማለቅለቅ ለእኛ ምን አዲስ ነገር አለው? ዛሬ ዕቃው ንጹህ ሆኖ፣ አንዳንዴም በላስቲክ ታሽጎ ይመጣል። ቢሆንም ያለቀልቁታል፤ ልማድ ነው። ሁለት ደቂቃ የምትወስድ ሥራ ናት፤ የሚገርመው ግን ብቻዬን ነኝ የሚለውን ስሜት የምታጠፋው እሷ ናት። እጅ ሥራ ሲያገኝ ዓይን የት ላድርግ አይልም።

5. ማዘዝ፤ በተለይ አሳማ ለማንበላ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ዲምሰም ቤት ውስጥ ገናናዎቹ አራቱ እነዚህ ናቸው። ሃር ጋው፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ሊጥ የተጠቀለለ ሽሪምፕ። ሲው ማይ፣ አፉ የተከፈተ የአሳማና የሽሪምፕ ጥቅል። ቻር ሲው ባው፣ የተጠበሰ አሳማ በሆዱ የያዘ ህብስት። ዳን ታት፣ መሃሉ የእንቁላል ክሬም የሆነ ትንሽ ኬክ። ከአራቱ ሁለቱ አሳማ፣ ሁለቱ ሽሪምፕ አለባቸው። ዳን ታትም ቢሆን ቅርፊቱ በአሳማ ስብ የሚሠራበት ቤት አለ። ሥርዓቱን ለሚጠብቅ ኦርቶዶክስም ሆነ ሙስሊም ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ ይመስላል። አያበቃም።

መጀመሪያ አንድ ወጥመድ ላሳያችሁ። በቻይና የምግብ ዝርዝር ላይ «ሥጋ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ አሳማ ማለት ነው። ከሌላ እንስሳ ከሆነ ስሙ ይጠራል፤ የበሬ ሥጋ፣ የበግ ሥጋ ይባላል። እኔ ስልኬ «የሥጋ ጥቅል» ብሎ ሲተረጉምልኝ በሬ ነው ብዬ አዝዤ ነበር። አንዱን ገምሼ ነጭ ሆኖ ሳየው ገባኝ። ሦስቱንም ትቼ ወጣሁ።

ሁለተኛ፣ «አሳማ የለበትም?» ብላችሁ በምልክት አትከራከሩ። ከመውጣታችሁ በፊት የሆቴሉን እንግዳ ተቀባይ «የአሳማ ሥጋ፣ የአሳማ ስብና ሽሪምፕ አልበላም፤ ከእነዚህ ነጻ የሆነውን አሳዩኝ» የሚለውን በቻይንኛ ወረቀት ላይ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። ፎቶ አንሱት። ይህች ወረቀት ከየትኛውም የትርጉም መተግበሪያ ትበልጣለች። ጉግል በዋናው ቻይና ታግዷል፤ ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ መተርጎሚያ ስልካችሁ ላይ ጫኑ።

ሦስተኛ፣ ጆሯችሁን አሠልጥኑ። በካንቶንኛ «ንጋው» በሬ ነው፣ «ጋይ» ዶሮ፣ «ዩ» ዓሣ፣ «ሃር» ሽሪምፕ፣ «ጁ» አሳማ። «ቻር ሲው» እና «ፓይ ጉዋት» የሚሉትን ስትሰሙም አሳማ ነው በሉ።

አሁን የምትበሉትን ልንገራችሁ።

«ንጋው ፓክ ዪፕ»። ቃል በቃል የበሬ መቶ ቅጠል ማለት ነው። ቅርጫቱ ሲከፈት ሳቄ መጣ፤ ሽንፍላ ነው! የእኛው ሽንፍላ፣ ቅጠል በቅጠል ተቆርጦ፣ ከዝንጅብልና ከሽንኩርት ቅጠል ጋር በእንፋሎት የበሰለ። እናቶቻችን ሽንፍላ ሲያጥቡ ቀኑ ይመሽ የለ? እዚህ ነጭ ሆኖ፣ ጥርስ ላይ ቀጭ እያለ ይመጣል። ዱለት ለሚወድ ሰው የመጀመሪያ ትዕዛዝ ይህ መሆን አለበት። ቀይ ቃሪያ ጣል ካደረጉበትማ አገር ቤት ነው።

«ሳን ጁክ ንጋው ዮክ» በእንፋሎት የበሰለ የተፈጨ የበሬ ሥጋ ኳስ ነው። ለስላሳ ነው፣ የድንብላል ቅጠል ሽታ አለው። ግን ለማለስለስ የአሳማ ስብ የሚጨምሩ ቤቶች ስላሉ ወረቀታችሁን አሳዩ።

«ፉንግ ጃው»፣ የፊኒክስ ጥፍር ይሉታል። ሲገለጥ የዶሮ እግር ነው። ከዶሯችን 12 ብልት ውስጥ የሌለ፣ እኛ የምንጥለው እግር። መጀመሪያ ይጠበሳል፣ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ በጥቁር ባቄላ ስልስ በእንፋሎት ይበስላል። አጥንቱን በምላስ እየለዩ ሳህን ጠርዝ ላይ ማስቀመጥ ነው። ነውር አይደለም። እውነቱን ለመናገር እኔ አንዱን ጨርሼ ሁለተኛውን አልደገምኩም። የሚወዱት ግን ይምላሉ በእሱ።

ሊጥ ለሚወድ ደግሞ «ቾንግ ፈን» አለ። የሩዝ ሊጥ ስስ አድርገው ያፈሳሉ፣ ይከድኑታል፣ በእንፋሎት ይበስላል፣ ይጠቀለላል። እንጀራ ሲጋገር ላየ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የበሬ ሥጋ ያለበት «ንጋው ዮክ ቾንግ» ነው። ምንም የሌለበት ደግሞ «ጃይ ቾንግ» ይባላል። «ጃይ» ማለት ከሥጋ መከልከል ነው፤ የቡድሃ ሃይማኖት ተከታዮች የሚጾሙትን ምግብ የሚጠሩበት ቃል ነው። ስለዚህ ጃይ ቾንግን የጾም ጥቅልል ብትሉት አልተሳሳታችሁም። አኩሪ አተር ስልስ ፈሶበት ትኩሱን ይመጣል። ረቡዕና ዓርብ የምትጾሙ ይህን ቃል ያዙት፤ ከጾሙ ሰዓት በፊት እህል የማትቀምሱ ከሆነ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሂዱ። በትልልቅ የቡድሃ ቤተ መቅደሶች አካባቢ ሙሉ በሙሉ ጃይ የሆኑ ምግብ ቤቶች ይገኛሉ። እዚያ ዲምሰሙ ሁሉ ያለ ሥጋ ነው።

ለጣፋጭ «ማ ላይ ጎ» እዘዙ። በእንፋሎት የበሰለ ቡናማ ኬክ ነው፤ እንደ ስፖንጅ የሚለጠጥ፣ ጣፋጭነቱ የማይበዛ። እንቁላልና ወተት አለው፤ የጾም አይደለም። «ላው ሳ ባው» የሚባለው ህብስት ደግሞ መሃሉ ፈሳሽ የእንቁላል አስኳል ነው። ቀጥታ ከነከሳችሁት አፋችሁን ይልጣል። ቀደድ አድርጋችሁ እንፋሎቱን አስወጡ። ሊጡ ላይ የስብ ጥያቄ አለ፤ አሁንም ወረቀቷ።

ስለ «ሎ ባክ ጎ» አስጠንቅቄ ልለፍ። ከነጭ የራዲሽ ዓይነት የሚሠራ ቂጣ ነው፣ አትክልት ብቻ ይመስላል። ውስጡ ግን የደረቀ ሽሪምፕና የአሳማ ቋሊማ ይኖራል። በቅጠል የተጠቀለለው የዶሮ ሩዝ፣ «ሎ ማይ ጋይ»፣ ስሙ ዶሮ ነው እንጂ አሳማም ይገባበታል።

6. በዙር አዝዙ

አስተዛዘዙ ሁለት ዓይነት ነው። በድሮዎቹ ቤቶች ረጅም ወረቀት ይሰጧችኋል፤ በምትፈልጉት ፊት ምልክት ታደርጋላችሁ። በአዲሶቹ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ኮድ በስልክ ታነሳላችሁ። ስልካችሁ እምቢ ካለ ወረቀት ጠይቁ፣ ወይም ጎረቤታችሁ ያዘዙትን በጨዋ ጣት አሳዩ።

ዝርዝሩ ላይ «ትንሽ»፣ «መካከለኛ»፣ «ትልቅ»፣ «ልዩ» የሚል ታያላችሁ። የመጠን አይደለም፤ የዋጋ ደረጃ ነው። ብቻዬን ስለሆንኩ ብዬ ሁሉንም «ትንሽ» ላይ ምልክት ባደርግ ጠረጴዛው በርካሽ ሊጥ ተሞላ። የየደረጃው ዋጋ ብዙውን ጊዜ ከላይ ወይም ከታች ተጽፏል፤ እሱን ፈልጉ። አንድ ቅርጫት በአብዛኛው ከ15 እስከ 35 ዩዋን ቢሆን ነው።

የብቸኛ ተመጋቢ ትልቁ ስህተት ሁሉንም በአንዴ ማዘዝ ነው። ስድስት ቅርጫት በአንድ ጊዜ ቢመጣ ሁለቱን ትኩስ ትበላላችሁ፣ አራቱ ይቀዘቅዛሉ። ስሱ ሊጥ ሲቀዘቅዝ ጎማ ይሆናል። መጀመሪያ ሁለት ብቻ እዘዙ። እነሱን ስትጨርሱ አንድ ቾንግ ፈን፣ በመጨረሻ ጣፋጩ። አራት ቅርጫት ለአንድ ሰው ጥጋብ ነው። አስተናጋጇ ሁለት ብቻ ስታይ «በቃ?» የሚል ፊት ብታሳይ አትደንግጡ፤ ያት ጁንግ ሌውንግ ጊን በሏት። እኔ እንደምንም ብዬ ብናገረው ሳቀች፤ ከዚያ በኋላ በራዴ ባዶ ሆኖ አያውቅም።

ከተረፈ «ዳ ባው» በሉ። ያስይዟችኋል።

7. የሻይ ወግ

የክዳኑን ነገር ነግሬያችኋለሁ፤ ውሃ ሲያልቅ ክዳኑን ገልጦ ጠርዝ ላይ ማጋደም ነው። መጣራት አያስፈልግም።

ሰው ሻይ ሲቀዳላችሁ አመልካችና የመሃል ጣታችሁን አጠፍ አድርጋችሁ ጠረጴዛውን ሁለት ሦስት ጊዜ መታ መታ አድርጉ። ማመስገን ነው። ንጉሥ ቺያንሎንግ ራሱን ደብቆ ሲጓዝ ለአገልጋዩ ሻይ ቀዳለት ይላሉ። አገልጋዩ ቢሰግድ ሚስጥሩ ሊወጣ ነው፤ ስለዚህ ጣቶቹን እንደ ጉልበት አጥፎ ሰገደ። ታሪኩ ይሁን ተረት፣ አፍ ምግብ በያዘበት ሰዓት ጥሩ መላ ነው።

ቾፕስቲኩን ሩዝ ላይ አትትከሉት፤ ለሙት የሚጨስ እጣን ይመስላቸዋል። ካልቻላችሁበት ማንኪያ ጠይቁ፤ ማንም አይስቅም። በጉርሻ የለመደ እጅ ግን ለቅርጫቱ አይዘርጋ።

ስልካችሁን ግልብጥ አድርጉት እላለሁ። ብቻውን የተቀመጠ ሰው ስልክ ውስጥ ሲደበቅ አዳራሹ ሁሉ ያመልጠዋል። ሁለት አሮጊቶች ሂሳብ እኔ ልክፈል እኔ ልክፈል ብለው ሲታገሉ ያየሁት ስልኬ ባትሪ የጨረሰ ቀን ነው። አዲስ አበባ ያለሁ መሰለኝ።

8. ሂሳብ

«ማይ ዳን» በሉ። ሂሳብ ማለት ነው። በስልክ መክፈያ መተግበሪያዎቹ፣ በአሊፔይ ወይም በዊቻት፣ መክፈል የተለመደ ነው። የውጭ አገር ቪዛና ማስተርካርድ ማያያዝ ይቻላል፤ ግን ካርዳችሁ መሥራቱን ረሃብ ሳይመጣ ሆቴል ሆናችሁ ሞክሩት። ካሽ አልቀበልም ማለት በሕግ አይፈቀድም፤ መልስ ግን ላይኖራቸው ይችላል። ዝርዝር ዩዋን ያዙ። ጉርሻ፣ ማለቴ ቲፕ፣ የለም።

ሆንግ ኮንግ ከሆናችሁ

ነገሩ ያው ነው፤ ጥቂት ልዩነት አለ። ጉግል ይሠራል። ሂሳቡ ላይ ብዙ ቦታ 10 በመቶ የአገልግሎት ይጨመራል። ሴንትራል ሲቲ ሆል ሕንፃ ያለው ማክሲምስ ፓላስ አሁንም ቅርጫቶቹን በጋሪ ይገፋል። ለብቸኛ ሰው ጋሪ ትልቅ ነገር ነው፤ ክዳን ከፍተው ያሳዩአችኋል፣ በዓይናችሁ መርጣችሁ ትወስዳላችሁ። በ2009 እ.ኤ.አ. ሞንግ ኮክ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል የጀመረው ቲም ሆ ዋን ለምርጥ ምግብ ቤቶች የሚሰጠውን ሚሽለን ኮከብ ያገኘ ቤት ነው፤ ዛሬ ቅርንጫፉ ብዙ ነው፣ ለአንድ ሰው የሚሆን ወንበርም አያጣም። ሙስሊም አንባቢዎቼ ደግሞ ዋን ቻይ ወዳለው የዓማር መስጊድ ሂዱ። 5ኛ ፎቅ ላይ ባለው ምግብ ቤት ሐላል ዲምሰም አለ። ወረቀትም፣ ጥያቄም፣ ጥርጣሬም አያስፈልግም።

9. አወጣጥ

ሰው ጋር ተጋርታችሁ ተቀምጣችሁ ቀድማችሁ የምትነሱ ከሆነ ዝም ብላችሁ አትውጡ። «ማን ማን ሲክ» በሉ። ቀስ ብላችሁ ብሉ ማለት ነው። ያን ቀን ሽማግሌው ከእኔ ቀድመው ነበር የተነሱት። ጋዜጣቸውን አራት አጥፈው ብብታቸው ሥር ከተቱ፣ በራዴን አነሳ አድርገው ክብደቱን ሞከሩ፣ ክዳኑን እንደገና አጋደሙልኝ፤ ከዚያ «ማን ማን ሲክ» አሉኝ። በስልኬ ፈልጌ ትርጉሙን ሳገኘው ደረጃውን ወርደው ሄደዋል።